ከማኅተሙ በላይ የወደቀ በረዶ

ነጥቦቹን የቆጠርኳቸው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። 34 ናቸው። ነጭ ናቸው፤ ከሰናፍጭ ፍሬ አይበልጡም። አንድ በአንድ በብሩሽ ጫፍ ተነክተው የተቀመጡ ናቸው። ከሥራቸው የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት ይታያል፤ በውሃ ቀለም የተሳለ፣ ግራጫና ፈዛዛ ሰማያዊ። በቀኙ ጥግ ሊንከን ያለበት የ4 ሳንቲም ቴምብር አለ። ማኅተሙ ጥቁር ነው። «ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጃንዋሪ 20፣ 1961» ይላል። ጆን ኤፍ ኬኔዲ ቃለ መሐላ የፈጸመበት ቀን ነው። በእኛ ጥር 12 ቀን 1953 ዓ.ም.።

ይህ ፖስታ ያለው ድሬዳዋ ነው። እኔ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ በተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ።

የድሬ ልጅ በረዶ ከየት ያውቃል? ልጅ ሳለሁ ነጥቦቹ ጥጥ ይመስሉኝ ነበር። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ የሚወጡ እናቶች በሰፈራችን ያልፉ ነበር። ሻሻቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ ነጭ ብናኝ ይዘው ነው የሚመጡት። እኔም ዋሽንግተን ያለው ጉልላት አጠገብ ፋብሪካ አለ ብዬ አሰብኩ። አባቴን ስጠይቀው ሳቀ።

«በረዶ ነው» አለኝ። «ሚስ ነግራናለች። የዚያን ዕለት ከተማው በሙሉ በረዶ ለብሶ ነበር።»

ሚስ የአባቴ አስተማሪ ነበረች። የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነው። እሷም ከእነሱ አንዷ ነበረች። አባቴ ያኔ 16 ዓመቱ ነው። በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር 12 ቀን 1956፣ ኬኔዲ ተገደለ። ሰኞ ሚስ ክፍል ገባች፤ ጠመኔውን አነሳች፤ ቆመች፤ መልሳ አስቀመጠችው። የዚያን ቀን ትምህርት አልነበረም። አያቴ ወሬውን ስትሰማ «በሚካኤል ገባ፣ በሚካኤል ሄደ» አለች ይባላል። ጥር 12ም ኅዳር 12ም የሚካኤል ቀን ነውና። ያን ዓረፍተ ነገር አባቴ እስኪሞት ድረስ ይደጋግመው ነበር።

ሰኔ ላይ ሚስ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ፖስታውን ለአባቴ ሰጠችው። አባቴ የክፍሉ አንደኛ አልነበረም። ቴምብር የሚሰበስበው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። ሰብሳቢዎች ቴምብር ተለጥፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት በፖስታ ቤት ያለፈን ፖስታ «ከቨር» ይሉታል። በግራ በኩል ያለው ባዶ ቦታ ላይ ለበዓሉ የሚሠራው ሥዕል ደግሞ «ካሼ» ይባላል። አብዛኛው ካሼ በማተሚያ ማሽን በሺህ የሚታተም ነው። እኔ የምፈልገው እሱን አይደለም። እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ብሩሽ አርሶ፣ ለዚያች ቀን ብሎ የሳለውን ነው። ያው ሰው አምስት ቢስል አምስቱም ይለያያሉ። በአንዱ ላይ እጁ ደክሞታል። በሌላው ላይ ሰማዩ ገና ሳይደርቅ ጉልላቱን ነክቶት ፈሷል።

ደግሞ ከሁሉም የምወደው የሹመት ቀን ፖስታ ነው። ስለ ፖለቲካ ፍቅር አይደለም። የሹመት ቀን ማንም የሚመጣውን የማያውቅበት ቀን ስለሆነ ነው። ጋዜጣው በማግስቱ ይጻፋል። የታሪክ መጽሐፉ ከ20 ዓመት በኋላ ይጻፋል፤ ጸሐፊው መጨረሻውን ያውቃል። ፖስታው ላይ የተሳለው ግን ሰውየው ከመሞቱ፣ ከመውደቁ፣ ከመመስገኑም በፊት ነው። ሠዓሊው የተመኘው ነገር ከነቀኑ እዚያው ቀርቷል።

አሜሪካኖቹ በዚህ የታደሉ ናቸው። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ድሮ ማርች 4 ነበር። ከሕገ መንግሥታቸው 20ኛ ማሻሻያ በኋላ ጃንዋሪ 20 ሆነ። በአዲሱ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የማለው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነው፤ በ1937 እንደ ፈረንጆች። እሱ ራሱ የለየለት ቴምብር ሰብሳቢ ነበር። አራት ጊዜ መሐላ ፈጽሟል፤ ለአራቱም የተዘጋጀ ፖስታ አለ። ከሞተ በኋላ የእኛም ፖስታ ቤት መልኩን በቴምብር አውጥቶታል።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። የመሐላቸው ዓመት ሁልጊዜ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 የሚውልበት ዓመት ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ 20 ሁሌም ጥር 12 ነው፤ ቃና ዘገሊላ። እኛ የሚካኤልን ታቦት ሸኝተን፣ እግራችን አቧራ ለብሶ ቤት እንገባለን። እናቴ ቡና ታፈላለች። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ቀትር ነው። አባቴ ሬዲዮኑን ይከፍትና «አሁን እጁን መጽሐፉ ላይ አደረገ» ይላል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ከቁም ሳጥኑ ይወርዳል። የእኛ ቤት ቃና ዘገሊላ በየአራት ዓመቱ እንዲህ ነበር የሚያልቀው።

ጃንዋሪ 20 እሑድ ከዋለ ሕዝባዊው ሥነ ሥርዓት ወደ ሰኞ ይሻገራል። በ2013 እንደ ፈረንጆች ባራክ ኦባማ እሑድ በጠባቡ ማለ፤ ሰኞ ደግሞ ሕዝብ ፊት ደገመው። ሰብሳቢ በዚህ ቀን የሚጨቃጨቀው ነገር አያጣም፤ የትኛው ማኅተም ነው እውነተኛው? እኔ እሑድን እመርጣለሁ። ሥልጣኑ የጸናው ያኔ ነው።

ያልታሰቡት ቀናት ደግሞ አሉ። ሊንደን ጆንሰን ኬኔዲ በተገደለበት ዕለት ዳላስ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ነው የማለው። ጄራልድ ፎርድ ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም. ኒክሰን ሲለቅ ተተካ። ለነዚህ ቀኖች ቀድሞ ሥዕል የሳለ ሰው የለም። ልብ በሉ፤ ፎርድ ከማለ ከአንድ ወር በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ እዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የእኛን አገር ነገር ያነሣሁ እንደሆነ ግን ከሐረር መጀመር አለብኝ። የምኒልክ የመጀመሪያ ቴምብሮች 7 ነበሩ። ፓሪስ ነው የታተሙት። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ሦስቱ አንበሳውን ይዘዋል። ቀድመው ሥራ ላይ ከዋሉባቸው ከተሞች አንዷ ሐረር ናት። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከሐረር ፓሪስ የሚሄድ ደብዳቤ የምኒልክ ቴምብር ብቻውን አያደርሰውም። ባሕሩ ጋ ሲደርስ የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። አንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት! እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ልገዛው አቅሜ አልፈቀደም፤ ባለቤቱ ግን እስክጠግብ ድረስ እንዳየው ፈቀደልኝ። ድሬ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፤ የግመሉን ፖስታም ባቡሩ ወሰደው።

የሹመት ነገር ቴምብር ላይ ሲመጣ ደግሞ የእኛ መንግሥታት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። አዲስ ቴምብር እስኪታተም አይጠብቁም። በነባሩ ላይ አዲስ ጽሑፍ ያትሙበታል። ንግሥት ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ሲነግሡ እንዲህ ተደረገ። ራስ ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ንጉሥ ሲባሉም እንዲሁ። መጋቢት 24 ቀን 1922 ንግሥቲቱ አረፉ። በማግስቱ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። የዘውድ በዓሉ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነበር፤ ቴምብሩ ግን እስከዚያ አልቆየም። ንግሥቲቱና ተፈሪ ያሉባቸው ቴምብሮች ላይ አዲሱ ስም ታተመባቸው። አንዱን አባቴ ነበረው። ያረፉት ንግሥት መልክ፣ በላዩ ላይ የተተኪያቸው ስም። ትንሽ ወረቀት ናት፤ አውራ ጣት አትሸፍንም። እኔ ግን ሳያት ሁሌ ትንሽ እደነግጣለሁ።

በእጅ የተሳለ የሹመት ፖስታ ግን በእኛ አገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ እንሥራ አልን።

ነሐሴ 1987 ነው። 17 ዓመቴ ነበር። አዲሱ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ሊውል፣ ፕሬዝዳንት ሊመረጥ ነው። ጎረቤታችን የታፔላ ሠዓሊ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ከድሬ ሱቆች የግማሹ ስም የእሳቸው እጅ ነበር። በደርግ ጊዜ በአቡጀዲ ላይ መፈክር ጽፈው ጽፈው ትከሻቸው አንድ ወገን ያዘነበለ ሰው ናቸው። የኬኔዲን ፖስታ ወስጄ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ በጥፍራቸው ጫፍ ሳይነኩት ጉልላቱን በአየር ላይ ተከተሉት።

«ይሄ ሰው ይችላል» አሉ።

«ጋሼ፣ ለእኛስ ይሳሉልኝ?»

«ማንን ልሳል? ማን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

አላውቅም። ማንም አያውቅም ነበር። የእኛና የአሜሪካኖቹ ልዩነት ይሄ ነው። እነሱ ኖቬምበር ላይ መርጠው ጃንዋሪ ላይ ያስምላሉ፤ ሠዓሊው ሁለት ወር አለው። የእኛን ፕሬዝዳንት ምክር ቤቱ መርጦ እዚያው ያስምለዋል። ፊት ለመሳል ጊዜ የለም። ጋሼ ብሩሹን ጥርሳቸው መሃል ይዘው አሰቡ። ከዚያ ሳሉት። ከዚራ ሰፈር ካሉት ሻይ ቤቶች የአንዱን የእንጨት ወንበር፤ ዛፍ ጥላ ሥር፤ ባዶውን። በቃ። ከጀርባው በቅጠሉ መሃል ያለፈ ብርሃን መሬቱ ላይ ጠብ ጠብ ብሏል። ከዚራን የሚያውቅ ሰው ያን ብርሃን ያውቀዋል።

«ወንበሩ ይታወቃል» አሉኝ። «የሚቀመጠውን ነገ ሬዲዮ ይነግርሃል።»

ነሐሴ 16 ቀን ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ተመረጡ። እኔ ፖስታውን ለራሳችን ፖስታ ሣጥን ቁጥር አድራሻ ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ ሄድኩ። ማኅተሙ ጥርት ብሎ ተመታልኝ። በሦስተኛው ቀን ሣጥናችን ውስጥ አገኘሁት። ለራስ የተላከ ደብዳቤ እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። መስከረም 28 ቀን 1994 አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሲመረጡ ጋሼ ሁለተኛውን ወንበር ሳሉ። በዚህኛው ላይ የወንበሩ አንድ እግር ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለታል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ከውጭም መጣልኝ፤ ከአገር የወጡ ጓደኞቼ የማይፈልጉትን ፖስታ ይልኩልኛል፤ እኔ የሐረርና የድሬ ማኅተም እልክላቸዋለሁ። 41 ደረሱ።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ንጋት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ስለዚያ ሌሊት ድሬ ያለ ሰው ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ሰው ባለቀበት ቀን ስለ ወረቀት ማዘን ነውር ነው። እኔም ለብዙ ዓመት አላወራሁትም፤ አሁንም ባጭሩ ነው የምለው። የእኛ ቤት ውሃው እስከ ወገብ ደረሰ። ሁላችንም ተረፍን። ሳጥኑ አልጋ ሥር ነበር። ከ41ዱ 11 ቀሩ። የብስኩት ቆርቆሮው ቁም ሳጥን ላይ ስለነበር የኬኔዲው ፖስታ ጠብታ አልነካውም።

የ1987ቱን ከጭቃው ውስጥ አወጣሁት። አጥቤ አደረቅሁት። የውሃ ቀለም በውሃ ይሄዳል፤ የማኅተም ቀለም ግን ዘይትነት ስላለው ይጸናል። ስለዚህ ቀኑ ቁልጭ ብሎ አለ፤ ወንበሩ ግን የለም። ከዛፉ አንድ ፈዛዛ አረንጓዴ እድፍ ቀርቷል። ወደ ጋሼ ወሰድኩት። የእሳቸውም ቤት ደህና አልነበረም፤ ግቢው ላይ ብሩሾቻቸውን በፀሐይ አስጥተው ነበር።

«መልሰው ይሳሉልኝ» አልኳቸው።

ፖስታውን ገልብጠው አዩት። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያኔ የሳልኩት ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ ነው። አሁን 11 ዓመት አውቃለሁ። ያንኑ ወንበር ልሳል ብል እጄ እሺ አይለኝም። ማኅተሙ ደግሞ ያኔ ነው የሚለው። ውሸት ይሆናል።»

ተቀየምኩ። እውነቴን ነው፣ ለሳምንታት አኩርፌ ነበር። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው የከለከሉኝ ብዬ ነበር የማስበው። ጋሼ በ2003 ዓ.ም. አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ቀለም መበጥበጥ አስተምረውኛል፤ ብሩሽ በቀጭኑ ይዞ ትንፋሽ ውጦ መስመር መጎተትን አስተምረውኛል። ያን ፖስታ ግን አልነኩትም። ዛሬ ድረስ እድፉና ማኅተሙ ብቻ አለው።

አሁን ወደ ነጥቦቹ ልመለስ። ያን ቅዳሜ ማጉያ መነጽር ከአንድ የሰዓት ሠሪ ወዳጄ ተውሼ ነበር። ስቆጥር ስቆጥር ወደ ቀኝ ጥግ ደረስኩ። ሦስቱ ነጥቦች የማኅተሙን ክብ ረግጠው ተቀምጠዋል። ነጩ ቀለም ከላይ ነው፤ ጥቁሩ ከታች። እንግዲህ ሠዓሊው በረዶውን የጨመረው ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ነው!

ሰብሳቢዎች ይህን አይወዱትም። ማኅተም ከተመታ በኋላ የተሳለ ካሼ ዋጋው ይወርዳል፤ ነገ ተነሥቶ የ50 ዓመት ፖስታ ላይ የሚስል ሰው ስላለ። እኔም መጀመሪያ ሆዴ ባር ባር አለው። አባቴ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ነገር ልክ እንዳልሆነ የተነገረኝ ያህል ነበር። የጋሼ ቃልም ትዝ አለኝ፤ «ውሸት ይሆናል»።

ሁለት ቀን እሱን ሳብሰለስል ከረምኩ። ጉልላቱን ደግሜ አየሁት። የማኅተሙ ሞገዶች ጫፍ ጉልላቱ ላይ ያርፋሉ፤ እዚያ ጋ ጥቁሩ ከላይ ነው፤ ሰማያዊው ከታች። ጉልላቱ የተሳለው ቀድሞ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ጠራ ያለ ሰማይ ሳለች፤ ፖስታውን ላከች። ከመሐላው ቀን በፊት ባለው ምሽት ዋሽንግተን ላይ ከባድ በረዶ ወረደ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል። ጎዳናው ሌሊቱን ሲጠረግ አደረ። ፖስታው ማኅተም ተመትቶ ሲመለስ ሥዕሉና ቀኑ አልተገናኙም። ብሩሹን ነጭ ነከረች። 34 ጊዜ።

እኔ ይሄን ውሸት አልለውም። በረዶው ያን ቀን ነበር። ጉልላቱን ግን አልነካችውም፤ የሰማዩን ሰማያዊ አላጠቆረችውም። ኬኔዲ ከሞተ በኋላ ጥቁር ቀለም ይዛ አልተመለሰችም። ያኔ የተመኘችውን ትታዋለች። ጋሼ ቢኖሩ ይህን ይዤላቸው እሄድ ነበር። ምን እንደሚሉኝ መገመት አልችልም፤ ግን ማጉያውን እንደማይመልሱልኝ አውቃለሁ።

መስከረም 27 ቀን 2006 ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ሲመረጡ ወንበሩን የሳልኩት እኔ ነኝ። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች ሥራ የሚከፍቱት በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነውና ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ። ሦስት ጊዜ ሣልኩ፤ ሦስተኛውን ወሰድኩት።

2011 ግን ሌላ ነው። ጥቅምት 15፣ ሐሙስ። ከነአካቴው አልጠበቅኩትም። ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ምክር ቤቱን በቀጥታ እያሳየ ነው። ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ሲባል ሰው ሁሉ ሻዩን አስቀመጠ። ከዘውዲቱ ወዲህ ሴት በርዕሰ ብሔርነት ስትቀመጥ አላየንም። ወደ ቤት በባጃጅ ተፈተለክሁ። አንድ ንጹሕ ፖስታ ነበረኝ። አንድ ብቻ። ወንበሩን በእርሳስ ነደፍኩት፤ እጄ ለምዶታል። ግን በቂ አልመሰለኝም። ምን ልጨምር? እናቴ ነጠላዋን ወንበር መደገፊያ ላይ ጥላ ቡና ትቆላለች። እሱን ሳልኩት። ወንበሩ ላይ የተጣለ ነጠላ፤ ጥለቱ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ ጫፉ መሬት ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው።

ቀዩ አልደረቀም ነበር። የድሬ ሙቀት ቀለም ቶሎ ያደርቃል፤ እጅንም ያላባል። ፖስታ ቤት ስደርስ አውራ ጣቴ ጥለቱ ላይ አርፎ አገኘሁት። ቀዩ ወደ ነጩ ተስቧል። የጣቴ አሻራ መስመሮቹ ሳይቀሩ አሉ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ለዓመታት ታውቀኛለች። ድሬ አንቱታ አይበዛም።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?»

ሰጠኋት። አየችው። ሌላ ጊዜ ማኅተሙን ቀልጠፍ አድርጋ ነው የምትመታው። ያን ቀን ማኅተሙን መጀመሪያ ባዶ ወረቀት ላይ ሞከረች። ቀለሙ በዛ መሰለኝ፤ ሁለተኛ ሞከረች። ከዚያ ፖስታውን በሁለት እጇ አስተካከለች። መታች። አነሳችው፤ እፍ አለችበት።

«ነጠላው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው» አለችኝ።

አሻራውን ላጠፋው እችል ነበር። በነጭ ቀለም ሁለት ጊዜ መንካት ነው። ማኅተሙ ግን ተመትቷል። ተውኩት።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና። በፕላስቲክ ኪስ አልበም አታስቀምጡ፤ በተለይ ቆላ ላይ። ርካሹ ፕላስቲክ በሙቀት ይላባል፤ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል፤ ሲለያዩ ሥዕሉ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል። በንጹሕ ስስ ወረቀት መሃል አድርጉት። ከፀሐይ ይራቅ። ምስጥ ከመሬት ስለሚነሣ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ውሃም ከመሬት ነው የሚነሣው።

ባለፈው፣ መስከረም 27 ቀን 2017፣ ልጄ 12 ዓመቷ ነበር። እሑድ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፖስታ አዘጋጀን፤ አንዱን ለእሷ። እኔ ወንበሬን ስል እሷ አቀርቅራ ትሠራለች፤ በክንዷ ሸፍና አታሳየኝም። በማግስቱ ሰኞ አምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ተመረጡ። ይህ መስከረም 27 እንግዲህ ሦስተኛዬ መሆኑ ነው፤ አንዱ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበት የ1921ዱ ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዣት ሄድኩ። በመንገድ ላይ አሳየችኝ።

ወንበሩ አለ። ዛፉ አለ። ወንበሩ ላይ ግን ሰው ተቀምጣለች። ጠይም፣ ፀጉሯን ወደኋላ ያሰረች፣ ጉልበቷ ላይ ማኅተም ያስቀመጠች።

«ባዶ ወንበር መሳል ሰለቸኝ አባ» አለችኝ። «ፊት ያስፈልጋል ብዬ። የማውቀው ፊት የእሷን ነው።»

መስኮቱ ጋ ደረስን። ልጄ ፖስታውን ወደ ውስጥ ገፋችው። ሴትየዋ ማኅተሙን አንሥታ ነበር፤ መሃል መንገድ ላይ ቆመች። ፖስታውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አጠገቧ ያለውን ሠራተኛ ጠራች። እሱም መጣ፤ አየ፤ አያት።

«አቦ፣ አንቺ ነሽ!» አላት።

ማኅተሙን ራሷ አልመታችም። ለእሱ ሰጠችው። ከዚያ ለልጄ «ይሄን ከሳልሽ አይቀር ሌላም ሳዪልኝ፤ ለእኔ የሚሆን» አለቻት። ልጄ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሠርታ ወሰደችላት። ማኅተም የለበትም፤ ቀኑ አልፏልና። አሁን መስኮቱ ላይ ከመስተዋቱ ሥር አለ፤ ከቴምብር ዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ።